የቀን ሠራተኛውና እድራችን (በዓመታዊው ጠቅላላ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዳኛችን አጭር ይሁን ብለውኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝና በአፌ ብዙም አልችልበትም፤ ጽፌ መጥቻለሁ።

ባለፈው ክረምት እዚህ ማሻ አንድ ድንጋይ የሚሸከም ልጅ ከርብራብ ላይ ወድቆ ሞተ። አገሩ ከወዲያ ቆላ ነው፤ እድር የለውም። ጓደኞቹ ከቀን ሒሳባቸው አዋጥተው አቡጀዲ ገዙለት። እኛ ድንኳኑን እንዳንሰጥ ደንቡ ያዘን። አሠሪውማ ብቅም አላለ።

እነዚያ ልጆች ሳያውቁት የሠሩት ትልቅ ነገር ነው። የሠራተኛ ማኅበርም የተጀመረው እንዲያ ነው። ሕግ ሳይፈቅድ የፋብሪካ ሠራተኞች በእድርና በመረዳጃ ስም ይሰባሰቡ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ አራት ቀን ሥራ ቆመ። ከጥያቄው አንዱ የደመወዝ ዝቅተኛ ወለል ይወሰንልን የሚል ነበር። እኔ ያኔ ተማሪ ነኝ፤ በእኛ በወሎ ወሬው ሁሉ ረሃቡ ስለነበር አድማውን ልብ ያለው ጥቂት ነው። በኋላ ደርግ ያንን ማኅበር አፍርሶ በ1969 የራሱን አቆመ። ለዚያ ጥያቄ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ተብሎ የተጻፈው በ2011 አዋጅ ነው፤ 45 ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው!

ይኸው አዋጅ ቁጥር 1156 10 ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይችላል ይላል። ከ10 ካነሱም ከሌላ ቦታ ካሉት ጋር ተደምረው ማቋቋም ይችላሉ። የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም፤ የኔ ማኅበር ይኸው እድር ብቻ ነው። ደግሞም ሠራተኛ በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ሲሞት አሠሪው ለጥገኞቹ ካሣ፣ ለቀብሩም ወጪ እንዲከፍል ያዛል። ይህን ለልጁ እናት የነገራት የለም። እኔም አልነገርኳት፤ አላውቀውም ነበር። ያነበብኩት እሷ አልቅሳ አገሯ ከገባች በኋላ ነው።

ስለዚህ የቀን ሠራተኞች በየሳምንቱ እየከፈሉ እንዲመዘገቡ ደንቡ ይሻሻል እላለሁ። ዛሬ አሉ ነገ የሉም የሚል አለ፤ እውነት ነው፣ ይሄዳሉ። የከፈሉበትን ጊዜ ያህል ግን ድንኳኑ ይገባቸዋል። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስም ከመካከላችን ሁለት ሰው ቤተሰቡን ይዞ ወረዳ ድረስ ይሂድ። አንዱ እኔ እሆናለሁ፤ ማመልከቻ መጻፍ አላቃተኝም።

ዳኛችን ለድምፅ ያቅርቡልኝ።