ሐቅም እንደ ዕዳ ይጻፋል



ውድ ጀመዓዎች! ከቁርኣን አንቀጾች ረጅሙ ስለ ዕዳ ነው፤ ጻፉ፣ ምስክርም ያዙ ይለናል። ፖሊስ ያለ አግባብ የነጠቀን ነፃነትም ዕዳ ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ካልቀረበ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ይቀርብለታል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126 ደግሞ በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ የመንግሥት ሠራተኛ እንዲክስ ያዛል። የክሱ ጊዜ ግን በመርህ 2 ዓመት ብቻ ነው።

ስለዚህ ማን ያዘን? የት? በስንት ሰዓት? ማን አየ? ዛሬውኑ ጻፉ፤ የሐኪም ወረቀትም አስቀምጡ። ሶብር ሐቅን መተው አይደለም።

አላህ የታሰሩትን ያስፈታልን። አሚን።