ችግኙን ተከልን፤ ደኑንስ ማን ያሳድገው?

 

እኔ የተመረቅኩት በደን ሳይንስ ነው። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ሥራ የለኝም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም ሥራ ከተባለ ግን አለኝ። አያቴ ሁሌ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ልጄ፣ ዛፍ መትከል ለመማር አራት ዓመት ይፈጃል እንዴ?» በፊት እናደድ ነበር። አሁን ግን ልክ እንደሆኑ ገብቶኛል። ለመትከል ግማሽ ቀን ይበቃል። ትምህርት የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ብዙዎቻችን ወጥተን ተክለናል፤ ፎቶም ተነስተናል። እስቲ እጃችሁን አውጡ፦ የተከላችሁበት ቦታ ተመልሳችሁ የሄዳችሁ ስንት ናችሁ? የቱ ጸደቀ? የቱን ፍየል በላው? የቱስ ቦታው የማይስማማው ዝርያ ነበር?

አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳን ተመልከቱ። አፈሩ በአሲድ ተጎድቶ ምርት ሲነሳው ገበሬው ዲከረንስ ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ለከብቱ ሣር ያጭዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስልና መሬቱን አርሶ እንደገና ይጀምራል። እኛ ክፍል ውስጥ ስንጽፈው የነበረውን ደን እየቆረጡ የማቆየት ዘዴ ገበሬው በማሳው ላይ ሠራው። ኮፍያዬን አነሳለሁ! ግን አካባቢውን አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ሲሸፍነው፣ እንደ ስንዴ ዋግ ያለ የፈንገስ በሽታ መጣና ዛፉን አደረቀው። ዝርያ አሰባጥር፣ ይሄ ቅጠል ላይ ያለው ምልክት አደገኛ ነው ብሎ ቀድሞ የሚነግር ባለሙያ በየቀበሌው ያስፈልግ ነበር። ባለሙያው ደግሞ እንደኔ ቤት ተቀምጧል።

ዕውቀትና ሕዝብ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ደግሞ ደቡብ ጎንደር ሄዳችሁ እዩ። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሲያልቅ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። አባቶች ለዘመናት ጠበቁት። ሆኖም ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው፣ ከሥራቸው የሚበቅለውን ከብት እየበላው ተተኪ ጠፋ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ይህን አጥንቶ ከካህናቱና ከምእመኑ ጋር መከረ። ከየማሳው በተለቀመ ድንጋይ ደኖቹ መታጠር ጀመሩ። ከብቱ ሲከለከል ቡቃያው ቀና አለ። በድንጋይ ካብ ነው እንጂ በሌላ አይደለም!

ወገኖቼ፣ አገር እወዳለሁ ማለት ባንዲራ ማውለብለብ ብቻ አይደለም። አፈሩ በጎርፍ ሲሄድ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የቱን አገር ነው የሚወደው?

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃችኋለሁ። አንደኛ፣ ባለፈው ክረምት የተከልነውን እንቁጠር። የጸደቀውንም የሞተውንም፣ ሳናሳምር እንጻፈው። ሁለተኛ፣ በደንና በተፈጥሮ ሀብት የተመረቃችሁ በየወረዳችሁ ተሰባሰቡ። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደን በግል፣ በማኅበረሰብ፣ በማኅበር እና በመንግሥት ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። በማኅበር ተደራጅተን የተራቆተ ኮረብታ እንጠይቅ፤ ቅጥረኛ ብቻ ሳይሆን ባለቤትም እንሁን። ሦስተኛ፣ ለተከላ በጀት ሲያዝ ለእንክብካቤውና ለባለሙያው ጭምር እንዲያዝ በየስብሰባው እንጠይቅ፤ በጨዋ ደንብ፣ ግን ሳንሰለች።

ሥራ እስክናገኝ ብለን ከጠበቅን ችግኙ አይጠብቀንም። ቆጠራውን ቅዳሜ ጠዋት እንጀምራለን። እኔ ደብተርና ሜትር ይዤ እመጣለሁ፤ አያቴም «እስቲ የተማርከውን ልይ» ብለው አብረውኝ ሊመጡ ነው። እንዳታሳፍሩኝ!