ጋን እና ጋኔን
(በሰፈራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ የሚመጡትን እንግዶች ወደቆዩት ጠላ ቤቶች በእግር እያዞርን እናስጎብኝ የሚለውን ሐሳብ እንደግፈዋለን። በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክ ከተማ፣ አስጎብኚው ማታ ማታ እንግዳ አስከትሎ ባሮጌዎቹ መጠጥ ቤቶች እየዞረ የሙታን መንፈስ ወሬ ያወራል፤ ሰዉም ከፍሎ ይሰማል። እዚያ መንፈስ አለበት የተባለ ቤት ገበያው ይደራለታል።

እኛ ዘንድ ግን ሌላ ነው። «እዚያ ቤት ጋኔን አለ» ከተባለ፣ ጣሳው ደጃፍ ላይ ተሰቅሎ ይውላል እንጂ ማን ደፍሮ ይገባል? ጠላ ጠምቃ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ጌሾው፣ ብቅሉ፣ ማገዶው ሁሉ ኪሳራ ይሆንባታል። ለመሆኑ ሌሊት ከጓዳ የሚሰማው ድምፅ ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ድፍድፉ ነው! ሲብላላ አየር ይወጣዋል፤ ይንሾካሾካል፣ አንዳንዴም ቡልቅ ይላል። ጋን ነው እንጂ ጋኔን አይደለም፤ አጠገቡ ያደረ ያውቀዋል።

ስለዚህ አስጎብኚዎቻችን ባለቤቲቱን ሳያስፈቅዱ የጋኔን ወሬ እንዳያነሡ አደራ እንላለን። ወሬ ለጠፋበት ታሪክ ሞልቷል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እዚሁ ጋፋት እንደተሠራ፣ አፄ ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም. መድፉን አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲነሡ ደብረ ታቦርን እንዳቃጠሉ ይንገሩ። ከዚያ በፊት የነበረ ጠላ ቤት አለኝ የሚል ቢመጣ ግን ጠበቅ አድርገን እንጠይቀዋለን።

የጠላውንም ሒሳብ እንግዳው እዚያው ለባለቤቲቱ ይክፈል፤ በአስጎብኚ እጅ አይዙር።