ነካሽ ይሁን እየተባለ የሚታሰር ውሻ

በአዲስ አበባ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲና አያት ባሉት ሰፈሮች፣ መዓልቱን በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የዋለ ውሻ ሌሊት ሲፈታ ያለማቋረጥ ቢጮኽ፣ ወጪ ወራጁንም ሊነክስ ቢቃጣ፣ ጥፋቱ ከእንስሳው ይልቅ የአሳዳሪው ነው።

ውሻ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንግዳ ሰውን፣ ሕፃናትን፣ የመኪናንም ድምፅ በሰላም ካልለመደ፣ ካደገ በኋላ የማያውቀውን ሁሉ በጠላትነት ማየቱ የተፈጥሮው ግብር ስለሆነ፣ «ነካሽ ይሁን» ተብሎ ቡችላን ከሰው መሰወር፣ ምንም እንኳ የቆየ ልማድ ቢሆን፣ ጠባቂን ሳይሆን ፈሪን ማሳደግ ነው፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከደፋሩ ይልቅ ያሠጋል።

በጮኸ ጊዜ በዱላ መምታት ፍርሃቱን ያጸናበታል እንጂ አያርቅለትም፤ ዝም ባለባት ቅጽበት ግን በለሰለሰ ቃልና በቁራሽ ሥጋ ቢሸለም፣ ይህም በትዕግሥት ቢደጋገም፣ ዝምታ ዋጋ እንዳላት ይማራል። (የጅብ ሽታ ደርሶት የሚጮኸውን ግን ማን ይነቅፈዋል?) ማለዳና ማታ በማሰሪያ ይዞ ማንሸራሸርም፣ በሥራ ፈትነት የሚመጣውን ጩኸትና አፈር መቆፈር እጅግ ያቀልላል።

አንዳንድ ውሻ የሚቆጣው ታሞ ወይም ቈስሎ ነውና፣ ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ አስቀድሞ የእንስሳት ሐኪም ይየው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም በየዓመቱ አስከትቡት፤ ሰው የተነከሰ እንደሆነ ግን ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥባችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።