ያልደረሰችው ደብዳቤ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ ዓመት እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች «ሮሜዎና ዡልዬት» የተባለውን ፊልም በአዳራሻችን ለማየት ዕድል አግኝተን ነበር። የሼክስፒርን ድርሰት ክቡር ዶክተር ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ ስለ መለሱት፥ ታሪኩ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። ያየነው ፊልም ኢጣልያዊው ፍራንኮ ዜፊሬሊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ያወጣው ነው። ሁለቱ ዋና ተጫዋቾች ፊልሙ ሲነሣ 18 ዓመት ስላልሞላቸው እኩዮቻችን መሰሉን።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በቬሮና ከተማ ሁለት ደም የተቃቡ ቤተ ሰቦች ይኖራሉ። ሮሜዎ የጠላቱን ልጅ ዡልዬትን በግብዣ ላይ አይቶ ይወዳታል፤ በማግሥቱም አንድ መነኵሴ በስውር ያጋቧቸዋል። በዚያው ቀን ሮሜዎ የወዳጁን ገዳይ፥ የዡልዬትን የአጎት ልጅ ገድሎ ከከተማው ይባረራል። አባቷም መጋባቷን ሳያውቁ ለሌላ ሊድሯት ቀን ይቈርጣሉ። መነኵሴው ለ42 ሰዓት እንደ ሙት የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጥተዋት፥ ምሥጢሩን ለሮሜዎ በደብዳቤ ይልካሉ።

ደብዳቤዋ የተጫነችው በአህያ ነበር። የሮሜዎ አሽከር ግን የቀብሯን ወሬ ይዞ በፈረስ ሲያልፋት አየን። አዳራሹ በሙሉ «ኧረ ፍጠን!» ብሎ ጮኸ። ምን ይሆናል! ሮሜዎ መርዙን ጠጥቶ ከሞተ በኋላ ዡልዬት ነቃች፤ እርሷም ተከተለችው።

በማግሥቱ በክፍላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን ጥፋቱን በአህያዋ ላይ ጣልን። ሌሎች መነኵሴውን ወቀሱ። ሌሎችም «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» ብለው በሮሜዎ ፈረዱ። ሁሉም እውነት አለበት። ነገር ግን ደብዳቤዋ ስለ ምን በስውር መሄድ አስፈለጋት? ዡልዬት አባቷን «አግብቻለሁ» ለማለት ብትደፍር፥ እርሳቸውም ቢሰሟት ኖሮ፥ መድኃኒትም ደብዳቤም ባላስፈለገ ነበር። በፍርሃት የተደበቀ እውነት ከወሬ በኋላ ይደርሳል።

ይህን ስንል ሁላችንም ዝም አልን፤ አንድ ባዶ ወንበር ትዝ ብሎን ነበርና። አምና አንዲት የክፍላችን ልጅ ሳትወድ ልትዳር መሆኑን ነግራን፥ «አደራ፥ ለማንም እንዳትናገሩ» አለችን። እኛም አደራ ጠባቂዎች ነን ብለን አፋችንን ያዝን። መምህራችን ሰምተው ሽማግሌ ይዘው በሄዱ ጊዜ ሠርጉ ካለፈ ስምንት ቀን ሆኖት ነበር። አባቷም «አለመውደዷን ማን ነገረኝ?» አሉ። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስንም። በእኛ ዘንድ አህያዋም መልእክተኛውም እኛው ነበርን።

ወላጆቻችን ሆይ! የወደድነውን ሁሉ ፍቀዱልን አንልም። እንቢ ማለት መብታችሁ ነው፤ ነገር ግን ሰምታችሁን እንቢ በሉን። ጓደኞቻችን ሆይ! እኛም ምክር ከመጠየቃችን በፊት አንቸኵል፤ የተጨነቀ ጓደኛ ስናይም ለሚረዳው ታላቅ ሰው ለመንገር አንዘግይ።

በቬሮና ሁለቱ አባቶች የታረቁት በልጆቻቸው አስከሬን ላይ ነው። ዕርቁ መልካም ነበር፤ ቀኑ ግን አልፎ ነበር። የእኛ ቀን ገና አላለፈም።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክልን።