የሞልድ ገጣሚዎች አለቃ
(በአቦምሳ ለተሰበሰቡ ወላጆችና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ለክረምት ዕረፍት የተመለስን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየተራ ስለ አንድ ሙያ እንድንናገር ተጠይቀናል። ከእኛ በፊት የተናገሩት ስለ ሕክምናና ስለ ሕግ በሚገባ አስረድተዋል። እኛ የመረጥነው ግን ማንም ወላጅ ልጁን «ይኸን ሁንልኝ» ብሎ የማይመርቅበትን ሙያ ነው፤ ይኸውም በፕላስቲክ ፋብሪካ የሞልድ ገጣሚዎች አለቃ መሆን ነው።

ጀሪካን የእንስራን ቦታ ከወሰደ ቆይቷል። ከቤታችሁ ያለውን ጀሪካን ብትመለከቱ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር ታገኛላችሁ። ያ መስመር የሞልዱ ሁለት ግማሾች የተገናኙበት ነው። ሞልድ ማለት ባጭሩ ለዕቃው ቅርጽ የሚሰጠው ብረት ነው። ለጀሪካን ትኩስ የፕላስቲክ ቱቦ በሁለቱ ግማሾች መካከል ገብቶ በአየር ይነፋል፤ ለባልዲና ለክዳን ግን ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ የቀለጠው ፕላስቲክ በብርቱ ግፊት ይገባበታል። አንዱ መኪና ዛሬ ባልዲ፣ ነገ ክዳን የሚሠራው ሞልዱ ስለሚለወጥ ነው።

ሞልዱ ከሰው አቅም በላይ ስለሚከብድ በሰንሰለት ይነሣል፤ ቀዳዳው ከመኪናው አፍንጫ ጋር ትክክል እንዲገጥም ተደርጎ በብሎን ይታሰራል፤ የማቀዝቀዣ ውሃ ቱቦዎችም ይቀጠሉበታል። አንዱ ወገን ከሌላው ይልቅ ቢሞቅ ክዳኑ ይጣመምና አልገጥም ይላል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ገጣሚው ነው። ታዲያ አለቃው ምን ይሠራል?

የአለቃው ሥራ የሚበዛው መኪናው ከመቆሙ በፊት ነው። ሺጌዎ ሺንጎ የተባለው ጃፓናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1950 በሂሮሺማ በማዝዳ ፋብሪካ የአንድ 800 ቶን የብረት መጭመቂያ ቅርጽ ሲለወጥ ቆሞ ይመለከት ነበር። ሠራተኛው አንድ ብሎን ጠፍቶበት ሲፈልግ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ፤ በመጨረሻም ከሌላ መኪና ረዘም ያለ ብሎን አምጥቶ ቆርጦ ገጠመው። (የዚያ የሌላው መኪና ነገርስ ምን ይሆን?) ሺንጎ ከዚህ ተነሥቶ ሥራውን ለሁለት ከፈለው፤ መኪናው ቆሞ ብቻ የሚሠራና መኪናው እየሠራ አስቀድሞ የሚሰናዳ። እ.ኤ.አ. በ1969 በቶዮታ የአንድ 1000 ቶን መጭመቂያ ቅርጽ ለመለወጥ 4 ሰዓት ይፈጅ የነበረው በመጀመሪያ ወደ 90 ደቂቃ፣ ኋላም ወደ 3 ደቂቃ ወረደ። ብረትም ይሁን ፕላስቲክ ነገሩ አንድ ነው። የጃፓኖቹ የካይዘን አሠራርም እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በአገራችን በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በዚያው በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል።

ነገር ግን ፍጥነት ብቻውን የሚያስመሰግን አይደለም። ገጣሚው እጁን የሚያስገባው በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለልምምድ በተላክንበት አንድ ፋብሪካ፣ የመኪናው በር ክፍት ሳለ እንዳይዘጋ የሚያግደው ማብሪያ በሽቦ ታስሮ አየን፤ ሥራ እንዲፈጥን ነው። የሌሊቱ አለቃ ሽቦውን ቆርጦ ጣለ፤ መኪናውን አጠፋ፤ ቁልፉንም ኪሱ ከተተ። የምርት ኃላፊው መጥቶ «ዕቃው ለጠዋት ቃል የተገባበት ነው፤ ምን ነካህ?» ሲል ተቆጣ። አለቃው «ጌታዬ፣ ማብሪያው ሳይሠራ ይኸን ልጅ እጅህን አስገባ ልለው አልችልም» ብሎ መለሰ። ገጣሚው ልጅ ዝም ብሎ መሬት መሬት ያይ ነበር። መኪናው 2 ሰዓት ያህል ቆመ። በማግሥቱ በወጣው ሪፖርት ላይ 2 ሰዓቱ በአለቃው ስም ተጽፎ አገኘነው። መኪና የቆመበት ሰዓት የሚጻፍበት ዓምድ አለ፤ ሳይቆረጥ የተረፈ ጣት የሚጻፍበት ዓምድ ግን የለም።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን ጥፋቱ የዚያ ኃላፊ ጠባይ ነው አሉ። የብዙዎቻችን አስተያየት ግን ከዚህ ይለያል። አገራችን ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ስትል ኖራለች። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 ሠራተኛን በሙያው መሳደብን በአዋጅ ከልክለዋል። እኛ የተማርነው ዛሬ በአፋችን አንሳደብም፤ ሆኖም ብረት የሚነካው ሰው «አይሆንም» ሲል ቃሉን ከጽሕፈት ቤት ሰው ቃል አሳንሰን እንሰማለን። የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ ብሎን መላላቱን የሚያውቀው እሱ ሆኖ ሳለ፣ መኪናው ይቁም ወይም ይሥራ የሚለውን የሚወስነው ሌላ ነው።

ከእናንተ መካከል ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የምትሄዱ ትኖራላችሁ። በመጀመሪያ መለኪያ መያዝ ተማሩ፤ ለእያንዳንዱ ሞልድ የሙቀቱን፣ የግፊቱንና የማቀዝቀዣ ጊዜውን ልክ በካርድ ጽፎ ማስቀመጥን ልመዱ፤ የቀድሞው ሰው በቃሉ ይዞት የሄደውን የሚቀጥለው ሰው በየቀኑ እንደ አዲስ ይፈልገዋልና። የመጀመሪያው ዕቃ ተመዝኖና ተለክቶ ሳይፈረምበት ሁለተኛው እንዳይከተል አድርጉ። አለቃ ሁኑ ስትባሉም ደመወዙን ከመጠየቃችሁ በፊት መኪናውን የማቆም ሥልጣን የማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

አሁን ጥያቄ ካላችሁ ለመስማት ዝግጁ ነን።