ለሰው ስንሸክፍ ራሳችንን አንርሳ

(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

ሰው ፊት ቆሜ ስናገር የመጀመሪያዬ ስለሆነ ቃል ቢደናቀፍብኝ ይቅርታ አድርጉልኝ።

የልጆች ትምህርት ሊዘጋ ነው። ብዙዎቻችን ከአሰሪዎቻችን ቤተሰብ ጋር በመኪና ረጅም መንገድ እንሄዳለን። ሻንጣ የምንሸክፈው እኛ ነን፤ አንድ ነገር ሲጎድል የምንጠየቀውም እኛው ነን። ባለፈው ዓመት ከሪያድ ወደ አብሃ ስንሄድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

መንገዱ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከነማረፊያው ሙሉ ቀን ይፈጃል። አብዛኛው በረሃ ነው፤ አገራችን ክረምት በሆነበት በሐምሌ እዚህ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ያልፋል። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ የ7 ዓመት፣ የ4 ዓመት እና የ9 ወር ሕፃን። እኔ ማታውኑ ልብሱን ከልብስ፣ መድኃኒቱን ከመድኃኒት ለይቼ፣ አሳምሬ ሸከፍኩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን።

ሦስት ሰዓት ሳንጓዝ የ4 ዓመቱ ልጅ አስመለሰው። በራሱም፣ በወንበሩም፣ በእኔም ላይ። ቅያሬው የት ነው? ከሻንጣዎቹ ሁሉ ሥር! አባትየው መንገድ ዳር አቆመና በዚያ ፀሐይ ሻንጣው አንድ ባንድ ወረደ። ማዳም ጮኸችብኝ። ያን ቀን በጣም ከፍቶኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን አሸካከፌ ልክ አልነበረም። ዕቃ የሚሸከፈው በዓይነቱ ሳይሆን በሚፈለግበት ሰዓት ነው።

አሁን አንድ ቦርሳ ለመንገድ ብቻ ብዬ እለያለሁ። ከእግሬ ሥር አትለይም። በውስጧ እነዚህ አሉ፦

• ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሙሉ ቅያሬ፣ በየፌስታሉ። የቆሸሸው ወደዚያው ፌስታል ይገባል። ለትውከት ደግሞ ባዶ ፌስታሎች።
• ዳይፐር፣ እርጥብ ሶፍት፣ ትንሽ ፎጣ።
• የሕፃኗ ወተት። ዱቄቱን ለየአንድ ጊዜው ለክቼ በደረቅ ንጹህ ዕቃ እይዛለሁ፤ የፈላውን ውሃ በፔርሙዝ። የምበጠብጠው ስትርባት ነው። ጠጥታ የተረፋትን እደፋዋለሁ፤ በሙቀት የቆየ ወተት ተቅማጥ ያመጣል።
• የትኩሳት መድኃኒት፣ ቴርሞሜትር፣ ኦአርኤስ። ኦአርኤሱ የሚበጠበጠው ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ ነው። የመድኃኒቱን መጠን ለየልጁ ማዳም በወረቀት እንድትጽፍልኝ አደርጋለሁ፤ በግምት አልሰጥም።
• የሚጠጣ ውሃ፣ ደረቅ ብስኩት፣ ቴምር። ቸኮሌት አልይዝም፤ ይቀልጣል፣ ያጣብቃል።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ከባድ ነው። ለሰላት ማደያ ላይ ቆምን። ማዳም ትልቁን ይዛ ወረደች፤ እኔ ሕፃኗን ላጥብ መጸዳጃ ቤት ገባሁ። የ4 ዓመቱ ተኝቶ ነበር። ማዳም ከአባቱ ጋር ያለ መስሏታል፤ አባቱ ከእኔ ጋር ያለ መስሎት መኪናውን ቆልፎ ሄደ። ስወጣ ልጆቹን ብቆጥር አንድ ጎደለ። እየጮህኩ ሮጥኩ። ሲከፈት ልጁ በላብ ተጠምቆ እያለቀሰ ነበር። ተመስገን ነው፣ ተረፈ። እህቶቼ፣ በፀሐይ የቆመ ዝግ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ ምድጃ ይሆናል፤ የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ቶሎ ይግላል። ከዚያ ወዲህ መኪና በቆመ ቁጥር ዕቃ ከመያዜ በፊት ልጆቹን ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። «እከሌ ከማን ጋር ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ማዳም መጀመሪያ ሳቀችብኝ፤ አሁን እሷም አብራ ትቆጥራለች። የአምቡላንስ ቁጥር 997 ነው፤ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ሦስተኛው ስለ እኛ ነው። አብሃ ከፍታዋ 2,200 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባን ልታክል ትንሽ ነው የሚቀራት። ጉም አለ፣ ዝናብ አለ፣ መንገድ ዳር በለስ ይሸጣል። አገሬን አስታወሰችኝ። ብርዱም እንደዚያው! ለአምስት ሰው ሹራብ ሸክፌ የራሴን ረስቻለሁ። ሌሊት በስስ ቀሚስ ስንቀጠቀጥ አደርኩ። በዚያ ላይ የወር አበባዬ መጣ፤ ሞዴስ አልያዝኩም፤ ማዳምን ለመጠየቅ አፈርኩ። የስልኬ ቻርጀር ሪያድ ቀርቷል። ከሁሉ የባሰው፣ ኬላ ላይ ፖሊሱ ኢቃማዬን ሲጠይቅ እሱም ሪያድ መሳቢያ ውስጥ ነበር። አባትየው ብዙ ለምኖ አለፍን። ብቻዬን ብሆንስ ኖሮ?

ስለዚህ የራሳችሁን ትንሽ ቦርሳ ከሁሉ በፊት ሸክፉ። ኢቃማ፣ የፓስፖርት ኮፒ፣ ቻርጀር፣ ሞዴስ፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ ሹራብ፣ ሁለት ቅያሬ፣ ትንሽ ገንዘብ። የአንድ እህት ስልክ ቁጥር በወረቀት ጻፉ፤ ባትሪ ሲያልቅ ወረቀት አያልቅም። ኢቃማችሁ ማዳም ጋ ከሆነ በጥድፊያው ሰዓት ሳይሆን በዋዜማው ረጋ ብላችሁ «ለመንገድ ልያዘው» በሏት። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ከመካከላችን ለአንዷ ሳትነግሩ አትውጡ።

ጉዞው ለእነሱ እረፍት ነው፣ ለእኛ ሥራ ነው። ሥራ የሚሠራ ሰው ደግሞ መራብ፣ መብረድ፣ መታመም የለበትም። ይሄ ቅንጦት አይደለም።

በዒድ ወደ ደማም ስንሄድ ማዳም ዕቃዎቹን ስታይ «ይቺ ቦርሳ የማናት?» አለችኝ። «የእኔ ናት» አልኳት። ምንም አልመለሰችም። ራሷ አንስታ መኪናው ውስጥ አስገባችልኝ።

ፈጣሪ ሁላችንንም በሰላም ለአገራችን ያብቃን።